ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው

መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲያማክረኝ፣ ዋጋውንና የተመረተበትን ዓመት ካነሣን በኋላ ወሬው የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ «ማኑዋል ይሻላል አውቶማቲክ?» አብዛኛው ጠያቂ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። አውቶማቲክ የዘመናዊ ሰው፣ ማኑዋል ደግሞ የጭነት መኪናና የሚኒባስ ሾፌር ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን እግሩ ጤነኛ ለሆነና ከከተማ ወጣ እያለ ለሚነዳ ሰው ዛሬም ማኑዋል ነው የምለው።

ይህን የምለው የድሮ ነገር ናፍቆኝ አይደለም። ማኑዋል መኪና ሾፌሩን ከመንገዱ ቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ኩርባው ሳይደርስ «አሁን ስንተኛ ማርሽ ነው የሚያስፈልገኝ?» ብሎ መወሰን አለበት። እንደኛ ሀገር ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በሚመላለስ መንገድ ላይ ደግሞ ይህች ውሳኔ የሰው ሕይወት የምታተርፍበት ጊዜ አለ።

ሞተር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የአውቶሞቢል ቤንዚን ሞተር መኪናው ቆሞ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ደህና ጉልበት የሚሰጠው ግን ከ2,000 ዙር በላይ ሲሆን ነው። ጎማው ደግሞ ከዜሮ ተነሥቶ መዞር አለበት። ሁለቱን በቀጥታ ብናገናኛቸው ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። በመሐላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው ካምቢዮ ነው። በትንሽ አውቶሞቢል አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተኩል ገደማ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ይበዛል። አምስተኛ ማርሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘንጉ ከሞተሩ በልጦ ይዞራል፣ መኪናው ይሮጣል፣ ዳገት የመግፋት አቅሙ ግን ይደክማል።

ፍሪሲዮን የሚባለው ደግሞ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያለያይ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራው ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ ቀስ በቀስ መልሶ ይይዛል። ሸራው መያዝ የሚጀምርባትን ነጥብ መለየት የማኑዋል መንዳት ሁሉ መጀመሪያ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ ሲደረስ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ መሪው ላይ ስስ ንዝረት ይሰማል። ይህን በግራ እግሩ ጫማ ሥር ያወቀ ሰው መኪናውን ዳገት ላይም ሳይንሸራተት ያስነሣዋል።

በእኛ ከፍታ ላይ ይህ እውቀት የበለጠ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን እዚህ ያጣል። እንጦጦ ሲወጣ ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲያቀና ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የደጋ ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው መኪናው ከደከመ በኋላ አይደለም። ድምፁ መውረድ ሲጀምር፣ ገና ግስጋሴው ሳይጠፋ ነው።

በጆሮ የሚገባ ማርሽ

የማርሽ ታሪክ የመኪናን ታሪክ ያህል ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ኤሚል ሌቫሶር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ጥርሳም ብረቶች በዘንግ ላይ እየተንሸራተቱ እርስ በርስ የሚገጥሙበትን ካምቢዮ በመኪና ላይ አዋለ። ሐሳቡ ሠራ፤ ነገር ግን በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ጥርሶችን ማጋጠም ቀላል አልነበረም። ያልሠለጠነ እጅ ሲነካው ካምቢዮው ይጮኻል፣ ጥርሱ ይበላል። ከችግሩ የገላገለው እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ይዞት የወጣው ሲንክሮ ነው። ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት የሁለቱን ወገን ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት ነው። የፈጠረው ኧርል ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይኸው ሰው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1939 ለገበያ የቀረበውን ሃይድራማቲክ የተባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሠራውን ቡድን መርቷል። በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ይህ ነው። ማኑዋልን ለሰው ሁሉ ያቀለለውና አውቶማቲክን ለሰው ሁሉ ያዳረሰው አንድ መሐንዲስ መሆኑ ያስደንቀኛል። ሁለቱንም ጊዜ የፈለገው ሾፌሩን ማሳረፍ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ከማንበቤ በፊት ካምቢዮን ያወቅሁት በአባቴ በኩል ነው። አባቴ በአሰብ መስመር የፊያት ኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዕድሜው ከኤንትሬ ጋር የተቆራኘ አንባቢ ያስታውሳል፤ እነዚያ መኪኖች ማርሽ የሚቀበሉት ለሚያውቃቸው ሰው ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አልፎ አልፎ ጋቢና ውስጥ ከረዳቱ አጠገብ ያስቀምጠኝና እጁን አይ ነበር። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ወደ ዜሮ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ነዳጅ አንዴ ሰጠት አድርጎ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ መልሶ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ከዚያ ዘንጉን በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ገፋ ያደርገዋል። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ሰው «እህ» ብሎ እስኪጨርስ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

«ማርሽ በጉልበት አይገባም፤ በጆሮ ነው የሚገባው» ይለኝ ነበር። ሞተሩ የስንት ዙር ድምፅ እያሰማ እንደሆነ፣ መኪናው በዚያ ፍጥነት የትኛውን ማርሽ እንደሚቀበል በጆሮው ይለየዋል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዳገት ጭነት ይዞ ሲጀምር ከረዳቱ ጋር የነበረው ጨዋታ ይቋረጣል፤ ሬዲዮ ቢኖር ይዘጋል። ዳገቱ አልቆ የጣርማ በር ዋሻ ሲታይ ነው ወሬው የሚቀጥለው።

ማርሽ በሀገራችን ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደነበረው ለማወቅ ምሩጽ ይፍጠርን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣውን ጀግና ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ውድድሩ ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው እንዴት እንደሚፈተለክ ያየ ሁሉ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ያኔ መኪና የሚነዳ ሁሉ ማለት ይቻላል ማርሽ በእጁ የሚቀይር ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ፊያቶችና በኋላ የመጡት ላዳዎች፣ አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም ሁሉ ማኑዋል ነበሩ።

አውቶማቲኩ የሚያየውና የማያየው

አውቶማቲክ ካምቢዮ ክፉ ነገር አይደለም፤ የሰው ልጅ ከሠራቸው ብልህ ማሽኖች አንዱ ነው። በተለመደው ዓይነት ላይ ፍሪሲዮኑን የሚተካው ኸርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ዕቃ ነው። ሁለት ቬንትሌተሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ሲበራ ንፋሱ ሌላውን እንደሚያዞረው ሁሉ፣ እዚህም በሞተሩ የሚዞረው ክንፍ በዘይት አማካይነት ሌላውን ክንፍ ያዞራል። ሁለቱ ብረት ለብረት ስለማይያያዙ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቢቆምም ሞተሩ አይጠፋም። ማርሹን የሚመርጠው ድሮ የዘይት ግፊት፣ አሁን ኮምፒዩተር ነው።

ኮምፒዩተሩ የመኪናውን ፍጥነትና ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠ ያውቃል። አዳዲሶቹ ቁልቁለት መጀመሩን ለይተው ማርሽ የሚቀንሱም አሉ። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ የሚያውቁት አሁን እየሆነ ያለውን ነው። ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ አያዩም። ቁልቁለቱ 2 ኪሎ ሜትር ይሁን 20 ኪሎ ሜትር አያውቁም። ያንን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ማኑዋል መኪና ይህን እውቀቱን በየደቂቃው ይጠይቀዋል፤ አውቶማቲክ ግን ካልነገሩት አይጠይቅም። ሳይጠየቅ የኖረ ሾፌር ደግሞ መንገር እንዳለበትም ይዘነጋል።

ዓባይ በረሃ

ይህን በዓይኔ ያየሁት ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙ ከአፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ እየተሸበሸበ ሾፌሩን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ከላይ ሲነሡ ጃኬት የሚያስለብሰው አየር ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መስኮት ያስከፍታል።

አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ከክብደቱና ከከፍታው የሚመጣው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ 40 ሊትር ውኃ ከቧንቧ ቀድቶ ለማፍላት ይበቃል። ጥያቄው ይህ ሙቀት ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ሾፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሁሉም የሚያርፈው ጎማ ሥር ባሉት ዲስኮችና ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱም ይግላል፤ ዘይቱ ሲያረጅ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በቶሎ ይፈላል። ሲፈላ በውስጡ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች አንዳንዶቹ ላይ የተበጠሰ ነገር የለም፤ የፈላ ዘይት ነው።

ሾፌሩ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ከወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ጎማው ግን በማርሹ በኩል ሞተሩን በግድ ያዞረዋል። ሞተሩ በተዘጋ በር አየር ለመሳብ ይታገላል፣ ትግሉም መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሙቀቱ ከጎማ ሥር ይልቅ በጭስ መውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ፍሬኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ለድንገተኛ ነገር ይጠብቃል። የናፍጣ ሞተር አየር መግቢያው ስለማይዘጋ እንዲህ አጥብቆ አይዝም፤ ለዚህም ነው አይሱዙና መሰሎቹ የጭሱን መውጫ አፍኖ የሚይዝ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠምላቸው።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ፣ ከቁልቁለቱ አጋማሽ ዝቅ ብሎ አንድ መኪና ጥግ ይዞ ቆሞ አገኘሁ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። ቤተሰብ የጫነ ወጣት ነው፤ የመጠጥ ውኃ ከፍቶ ጎማው ላይ ሊያፈስ ሲያጎነብስ ደረስኩ።

«ወንድሜ፣ ውኃውን ተወው! የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።»

«ጋሼ፣ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ገባብኝ እኮ! በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት።»

«ማርሽህ ምን ላይ ነበር?»

«አውቶማቲክ ነው እኮ። ዲ ላይ ነዋ።»

ልጆቹን ከመኪናው አስወርደን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ፔዳሉም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የማርሽ ዘንጉን አሳየሁት። ከዲ በታች 2 አለ፣ ከ2 በታች ኤል አለ። እነዚያ ምልክቶች መኪናውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ እጁ ሥር ነበሩ፤ ምን እንደሆኑ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። መጀመሪያ ኤል ላይ፣ ቁልቁለቱ ሲለዝብ 2 ላይ እያደረገ ፊት ፊቴ ወረደ። ድልድዩን ተሻግረን ስንቆም እጄን ወደ ጎማው አስጠጋሁ፤ ያ የሚፋጅ ሙቀት የለም። «ይሄ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለ ልጁ። ባሕር ዳር ሲደርስ የፍሬን ዘይቱን እንዲያስቀይር አደራ ብዬው ተለያየን።

ልጁን አልወቅሰውም። መኪናው በቂ መሣሪያ ነበረው፤ እሱም ጥንቁቅ ልጅ ነው። የጎደለው ማርሽ መምረጥ የራሱ ሥራ መሆኑን የሚያስታውሰው ነገር ነው። ማኑዋል የሚነዳ ሰው ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ አምስተኛ ይዞ ቁልቁለቱን ቢጀምር ሞተሩም፣ ጆሮውም፣ እግሩም ወዲያው ይነግሩታል።

አባቴ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ሕግ አላውቅም። ያንን ዳገት ሽቅብ ለመውጣት ሁለተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ ቁልቁልም የሚያስፈልገው ሁለተኛ ነው፤ የሚገባውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ማኑዋል ነጂዎችንም የማስጠነቅቅበት አንድ ልማድ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ መውረድ በየመስመሩ ይታያል። በካርቡሬተር ዘመን ምናልባት ጥቂት ይቆጥብ ነበር። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ነዳጅ አያስፈልገውም። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ በዜሮ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ያቃጥላል፣ ፍሬኑንም ብቻውን ይተወዋል።

ጋራዥ ውስጥ

መኪና በሀገራችን ረጅም ዕድሜ ነው የሚኖረው። ሌላ ሀገር ሠርቶ የደከመ አውቶሞቢል እዚህ መጥቶ ሌላ ዕድሜ ይጀምራል። ኮሮላ ዲኤክስ ከፋብሪካ ከወጣ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ዛሬም ሲሮጥ የምናየው ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ ማኑዋል ካምቢዮ ታማኝ ነው። ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮን ሸራውና ኩሽኔታው ሲሆን፣ በየትኛውም ከተማ ያለ ደህና መካኒክ አውርዶ ይቀይረዋል። አውቶማቲክ ግን የራሱን ዓይነት ዘይት ይፈልጋል፤ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ሲበላሽም ከፍቶ የሚያስተካክለው ባለሙያ ማግኘት ከከተማ ወጣ ሲባል ከባድ ነው። በቀበቶ የሚሠሩት አንዳንዶቹ አውቶማቲኮች ሲበላሹ ከመጠገን ይልቅ ሙሉ ካምቢዮ መቀየር የሚመከርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያገለገለ ማኑዋል ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ሙከራ ያዙ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሳቡ። ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ጥቂት ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ደህና ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተለቆ ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነውና ዋጋ ቀንሱ።

መንገድ ላይ መቅረትም አለ። ባትሪ ደክሞ ሞተሪኖው ማዞር ሲያቅተው፣ ማኑዋል መኪና ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ በሁለት ሰው ተገፍቶ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይነሣል። አውቶማቲክ እንዲህ አይነሣም። ሲበላሽም ካምቢዮውን በዘይት የሚያረሰርሰው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ረጅም መንገድ መጎተት ካምቢዮውን ያቃጥለዋል። አውቶማቲክ ያላችሁ ይህን አትርሱ፤ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ የሚጭን መኪና ጥሩ።

አውቶማቲክ የሚበልጥበት

ለአውቶማቲክ የሚገባውን ክብር ሳልሰጥ ብጽፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የተጓዘ ሰው የግራ ጉልበቱ ምን እንደሚለው ያውቃል። በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮን መርገጥና መልቀቅ ሰውንም ሸራውንም ይጨርሳል። ነዳጅ በመቆጠብም ቢሆን ድሮ ማኑዋል ይበልጥ ነበር፤ ብዙ ማርሽ ያላቸው የዛሬ አውቶማቲኮች ግን ደርሰውበታል፣ አልፈውታልም። ከሁሉ በላይ የግራ እግሩ ጉዳት ያለበት ሰው በአውቶማቲክ ምክንያት ራሱን ችሎ ይነዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ማኑዋል ግዛ ብሎ የሚመክር የለም፤ እኔም አልመክርም።

ዓለምም ወደዚያው ሄዷል። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ማኑዋል የሆኑት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከዚያ ለእረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን የወንድማቸውን መኪና ቁልፍ ተቀብለው ሦስት ፔዳል ሲያዩ ቁልፉን መልሰው የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ልጄም መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ስትለማመድ ይህንኑ ነበር የምትሞግተኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ መብራት ይዞን ከኋላችን ሚኒባስ ተጠግቶ ክላክስ ሲያንባርቅ፣ «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ መኪናው ራሱ የሚያደርግበት ዘመን ላይ እኮ ነን» አለችኝ። «እሱ ማድረጉን ያድርግ፤ አንቺ ግን ምን እንዳደረገ እወቂ» አልኳት። የእጅ ፍሬኑን ይዛ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ለቃ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር የእጅ ፍሬኑን አወረደች። መኪናው አንድ ጣት እንኳ ወደ ኋላ ሳይል ተነሣ። አሁን መሥሪያ ቤቷ የሰጣት አውቶማቲክ ነው፤ ከእንጦጦ ስትወርድ ግን ዲ ላይ ትታው አትወርድም። ማኑዋል የተማረ ሰው አውቶማቲክን ጭምር በደንብ ይነዳል የምለው በእሷ አይቼ ነው።

ማርሽ የሌለው መኪና ሲመጣ

በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከዜሮ ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥና በጣም ከፍ ወዳለ ዙር መውጣት ስለሚችል የሚቀያየር ማርሽ አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹ ያላቸው አንድ ቋሚ ማርሽ ነው። ስለዚህ የማኑዋልና የአውቶማቲክ ክርክር በአዲስ መኪና ረገድ እያበቃ ነው። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ማርሽ የሚቀይር የሚመስል ስሜትና ድምፅ በኮምፒዩተር ፈጥሮ ገጥሟል። ማርሽ ለናፈቀው ሰው ደስታ ይሰጥ ይሆናል። እኔ ግን ከማርሽ እንዲተርፍልኝ የምፈልገው ድምፁን አይደለም። ቀድሞ ማሰቡን ነው።

ምክንያቱም ቁልቁለቱ አልተቀየረም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ዓባይ በረሃን ሲወርዱ ኃይል መሰብሰብ ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ባትሪው ገና አፋፉ ላይ ሞልቶ ከሆነ ያንን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ሞተሩ የሚይዘው በጥቂቱ ይሆንና ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ስለዚህ የነገው ሾፌርም ጎሐ ጽዮን ከመድረሱ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለው፤ ባትሪዬ ምን ያህል ቦታ አለው? መኪናውን አጥብቆ የሚይዘው ምርጫ የትኛው ነው? የአባቴ ጥያቄ መልኩን ለውጦ መጣ እንጂ አልቀረም።

የአሽከርካሪ ማሰልጠኛዎቻችን ማኑዋል መኪና ማስተማራቸውን እንዳያቆሙ የምለምነው ለዚህ ነው። ሠልጣኙ በኋላ የሚነዳው አውቶማቲክም ሆነ ኤሌክትሪክ፣ በፍሪሲዮን ዳገት ላይ መኪና ያስነሣ፣ በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ቁልቁለት የወረደ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ማርሽ የቀነሰ ሰው የክብደትንና የፍጥነትን ነገር በሰውነቱ ያውቀዋል። ይህ እውቀት ከወረቀት ፈተና አይገኝም። አውቶማቲክ ለሚማረውም ቢያንስ 2 እና ኤል ምን እንደሆኑ፣ የትና መቼ እንደሚገቡ በመንገድ ላይ ይታየው። መኪና የምትገዙም የምትነዱት በአብዛኛው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ከሆነ አውቶማቲክ ግዙ፣ እረፉበት። ሀገር አቋርጣችሁ የምትሄዱ፣ ጋራዥ በራቀበት የምትሠሩ ከሆነ ግን ማኑዋሉን አትናቁት። ከሁለቱ የትኛውንም ብትይዙ አንድ ነገር የእናንተ ነው፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ምረጡ፣ ውሳኔውን ለፍሬኑ አትተዉለት።